የፊተኛውን ጀርባ የናፈቀ ዓይን

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» በሉኝ እንጂ! ይሁን፤ የዛሬው በረት ግን ላም የለበትም። የቆመችበት መኪና ናት።

ብረት እንደ ሰው በሚያወራበት፣ በግም እንደ ሰው በሚመልስበት ዘመን ወይዘሮ ማንጠግቦሽ የምትባል ሴት ነበረች። ፊቷ ያለውን መኪና በራሷ የምትከተል ነጭ መኪና ነበረቻት። በመኪናዋ አፍንጫ ላይ አንድ ዓይን ተቀምጧል። ከሥር፣ ከጎማዎቹ ጋር ደግሞ አባ ፍሬን የሚባል ሽማግሌ ይኖራል። ሥራው መያዝ ነው፤ ሲይዝም ያጉረመርማል።

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ሩቅ አገር ስትሄድ እግሯን ታሳርፍና መንገዱን ለዓይን አደራ ትሰጠዋለች። አደራዋም እንዲህ ነበር። «ከፊትህ ያለው ሲሮጥ ሩጥ። ሲያዘግም አዝግም። ሲቆም ቁም። ሦስት ጊዜ ሳትተነፍስ ከተነሣ ተከትለህ ተነሣ። ሦስት ትንፋሽ ካለፈ ግን እግሬ ‹ሂድ› ሳይልህ ንቅንቅ እንዳትል።»

ዓይን አደራውን ይወድ ነበር። የመጨረሻዋን ብቻ አይወዳትም።

አንድ ቀን ማለዳ ከደጋው ወደ ቆላው ሲወርዱ ከፊታቸው አንድ የጭነት መኪና ገባ። ከመኪናው ኋላ አንዲት ቀይ መብራት አለች። ዓይን በዕድሜው ሙሉ ያየው ጀርባ ነው፤ ስንቱን ጀርባ ሸኝቷል። ይህች ግን ናፈቀችው። ፊቱ እያለች ናፈቀችው! ምን ታደርጉታላችሁ፣ ናፍቆት እንዲህ ነው። ሊጠጋት ሲል አባ ፍሬን ይጎትተዋል፤ በመካከላቸው ሁልጊዜ ሃያ እርምጃ አለ። እሷም መኪናው በቆመ ቁጥር ፍም መስላ ትቀላለች።

«አየህ አባ ፍሬን፣ ስታየኝ ትቀላለች» ይላል ዓይን።

«አንተ ልጅ፣ መንገዱን ተመልከት» ይላል አባ ፍሬን።

ወርደው ወርደው ላሞች መንገድ ሲያቋርጡ አገኙ። ጭነቱ ቆመ፤ ነጯም ቆመች። አንድ ትንፋሽ። ላሞቹ አለፉ፤ ጭነቱ ተነሣ።

«አባ ፍሬን፣ ልቀቅ!»

«ለቅቄያለሁ።»

ሄዱ።

ደግሞ ወርደው ወርደው ከጠባብ ድልድይ ደረሱ። አውቶቡስ እስኪያልፍ ጭነቱ ቆመ፤ ነጯም ቆመች። አንድ ትንፋሽ። ሁለት ትንፋሽ። ዓይን ሦስተኛው እንዳይመጣ ፈራ። ሳይመጣ ጭነቱ ተነሣ።

«አባ ፍሬን፣ ልቀቅ!»

«ለቅቄያለሁ አልኩህ እኮ።»

ሄዱ። ዓይንም በልቡ «እስከ ቤቷ እከተላታለሁ» አለ። ቤቷ የት እንደሆነ አያውቅም።

በሦስተኛው ከበግ ገበያ ደረሱ። ጭነቱ ከገበያው ዳር ቆመ። አንድ ሰው እናት በግ ከነግልገሏ ለርቢ ገዝቶ ኖሮ ሊያስጭን ነው። አንድ ትንፋሽ። ሁለት ትንፋሽ። ሦስት ትንፋሽ። አለቀ! ጫኞቹ ተቻኩለው እናቲቱን ወረወሯትና ግልገሏን ረሷት። ጭነቱ ጉዞውን ቀጠለ።

«አባ ፍሬን፣ ልቀቅ!»

«አለቅም። ሦስት ትንፋሽ አልፏል።»

«አባ ፍሬን፣ እየሄደች ነው! ልቀቅ!»

«አለቅም። እግር ሂድ አላለም።»

እግርማ ምን ይበል? ወይዘሮ ማንጠግቦሽ የተንሸራተተ ነጠላዋን እያስተካከለች ነው።

«አባ ፍሬን፣ በሞቴ! እያነሰች ነው፤ ልትጠፋብኝ ነው። አንተ ናፍቀህ አታውቅም?»

«አውቃለሁ» አለ ሽማግሌው። «ጎማ ሲሽከረከር እየሰማሁ የምኖር ነኝ። ቢሆንም አለቅም።»

ይህን ጊዜ ከመኪናዋ አፍንጫ ሥር ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

«እማዬ እዚህ ጋ ነበረች» አለ ድምፁ።

ግልገሏ ናት! ጭነቱ ቆሞበት ከነበረው ቦታ ተነሥታ፣ የእናቷን ጠረን እያሸተተች፣ ጎማው ድረስ መጥታ ተኝታለች። ዓይን የተሠራው የብረት ጀርባ ለማየት ነው፤ እሷን አላያትም።

«ማነሽ?» አለ ዓይን ደንግጦ።

«እማዬ ስትሄድ እሄዳለሁ፤ ስትቆም እቆማለሁ። አሁን ሄደች። እኔ ግን መንገዱን አላውቅም።»

ለዓይን የራሱን አደራ ነው የነገረችው። «ቢለቀኝ ኖሮ» ብሎ ጀመረ፤ አልጨረሰውም።

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ነጠላዋን አስተካክላ በእግሯ ‹ሂድ› ልትል ስትል የግልገል ጩኸት ሰማች። ቀበቶዋን ፈታች፤ በሩን ከፈተች። አባ ፍሬን ይህን ሲያይ ጥርሱን ነክሶ ያዘ፤ በሩ ተከፍቶ ማን ይንቀሳቀሳል!

«ውይ በሞትኩት!» አለች ግልገሏን ከጎማው ሥር አንሥታ። «እናትሽ የት ሄደች የኔ እናት?»

«እናቷ እዚያ ጭነት ላይ ናት እትዬ!» አሉ ገበያተኞቹ።

ግልገሏን በነጠላዋ ጠቅልላ ከጎኗ አስቀመጠች። ቀበቶዋን አሰረች። በእግሯም ቀስ አድርጋ «ሂድ» አለች።

«ለቅቄያለሁ» አለ አባ ፍሬን፣ ማንም ሳይጠይቀው።

መንገዱ ባዶ ነበር። ዓይን የሚከተለው ጀርባ አጥቶ ባዶውን እያየ ሄደ። ከኬላው ሲደርሱ ግን ጭነቱ ለፍተሻ ቆሟል። ሹፌሩ ጋሽ ደግፌ ግልገሏን ሲያይ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ! እናቲቱ መንገዱን ሙሉ ስትጮህ፣ ምን ነካት እያልኩ ነበር።»

ግልገሏ ከእናቷ ጎን ስትጫን ገና ሳታርፍ ጡት ያዘች።

ዓይን ከቀይዋ መብራት እንዲህ ቀርቦ አያውቅም። ድፍረት አገኘ።

«እህቴ፣ እኔ ስከተልሽ የነበርኩት ነኝ። ስታዪኝ ትቀዪ ነበር።»

«የኔ ወንድም» አለች መብራቲቱ በለሰለሰ ድምፅ፣ «እኔ ማንንም አላይም። የምቀላው ጌታዬ ሲቆም ነው። ከኋላ ለመጣ ሁሉ ‹አትጠጉኝ› እላለሁ። ላንተም ያልኩህ ይህንኑ ነው።»

ዓይን ከፋው። መክፋት ብቻ አይደለም፣ አፈረ። ወዲያው ኬላው ተከፈተና ጭነቱ ተነሣ፤ እናትና ልጅ አንድ ላይ ሆነው ራቁ። ሦስት ትንፋሽ ካለፈ ቆይቷል። ዓይን ግን በዚህኛው «ልቀቅ» ብሎ አልጮኸም። እግር እስኪናገር ጠበቀ።

«ናፍቆቱ ለቀቀህ?» አለ አባ ፍሬን።

«አልለቀቀኝም።»

«አይለቅም» አለ ሽማግሌው። «እኔ ነኝ የምለቀው፤ ያውም ሲነገረኝ።»

እኔም ተረቴን ጨረስኩ። ዳቦውን ስትቆርሱልኝ ይህችን አብራችሁ ዋጡ፦ ናፍቆት መንገድ ያሳያል፤ የሚያደርሰው ግን ልጓም ነው።