ከመጋረጃው ውጭ የተቀመጡት ሸህ

ልቦችን በእጁ ለያዘው አላህ ምስጋና ይድረሰው። በጥንት ዘመን፣ በግንብ በታጠረች አንዲት የነጋዴዎች ከተማ፣ ሸህ ሙስባሕ የሚባሉ ዓሊም ነበሩ። ሰው የሃይማኖት ብይን፣ ፈትዋ፣ ሊጠይቃቸው ከሩቅ አገር ይመጣ ነበር። ባለቤታቸው እመት ነፊሳ ደግሞ የሰፈሩን ሴቶች ቁርኣን ያስቀራሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡና አንዲት ፊደል ዝንፍ ካለች "መልሺ" ይላሉ። ባልና ሚስቱ ተከባብረው፣ አብረው አረጁ።

ኋላ እመት ነፊሳን መርሳት ያዛቸው። መጀመሪያ የጎረቤት ስም ጠፋባቸው፤ ቀጥሎ የቤታቸው መንገድ። አንድ ጠዋት ሸሁ ከሱብሒ ሶላት ተመልሰው ወደ ክፍላቸው ሲገቡ፣ እመት ነፊሳ መከናነቢያቸውን ፊታቸው ላይ ስበው ወደ ግድግዳው ሸሹ።

"አንቱ ሰው፣ አላህን አይፈሩም? ባሌ በሌለበት እንዴት ይገባሉ?"

"ነፊሳ፣ እኔ ነኝ እኮ። ሙስባሕ ነኝ።"

"የኔ ሙስባሕ ጺሙ ጥቁር ነው" አሉና ማልቀስ ጀመሩ።

ሸሁ በቀላሉ እጅ አልሰጡም። ስለ ኒካሓቸው ቀን አወሩላቸው፤ የልጆቻቸውን ስም አንድ በአንድ ጠሩ። በመጨረሻም በኒካሑ የነበሩትን ወዳጃቸውን ሐጂ ጁነይድን ይዘው መጥተው አስመሰከሩ። ይህ ግን ነገሩን አባሰው። "ሁለት ወንዶች ተማክረው ሊያታልሉኝ መጡ" ብለው እመት ነፊሳ እህል አልቀምስም አሉ።

ያን ጊዜ ልጃቸው ሉባባ አባቷን ወደ ግቢው ወሰደቻቸው። "አባ፣ ይተዉዋት። እማ እኮ የምትሸሸው ሐራም እንዳይነካት ብላ ነው።"

ሸሁ እስከዚያች ሰዓት እንዲህ ብለው አላሰቡትም ነበር። ሚስታቸው የባላቸውን መልክ ረስተዋል፤ ለባላቸው ያላቸውን ታማኝነት ግን አልረሱም። ሸሁ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡና እንባቸው በጺማቸው ላይ ወረደ።

ከዚያ ወዲያ ሉባባ እናቷን ታበላለች፣ ታጥባለች። ሸሁ ደግሞ የገዛ ቤታቸውን በር አንኳኩተው በመግቢያው ከተሰቀለው መጋረጃ ውጭ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ዕድሜ ልካቸውን አንቺ ያሏቸውን ሚስታቸውን አንቱ ማለት ጀመሩ።

"አሰላሙ ዐለይኩም። እርስዎ ዘንድ ቁርኣን ልቀራ መጥቼ ነበር።"

"ወዐለይኩሙ ሰላም። ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው ይቅሩ።"

ሸሁ ቁርኣኑን ቀሩ። ጥቂት እንደሄዱ ከውስጥ "ይመልሱ፤ እዚህ ጋ ድምፁ ይረዝማል" የሚል ድምፅ መጣ። አገር የሚማርባቸው ዓሊም አንገታቸውን ደፍተው መለሱ። አንዳንድ ጠዋት "ዛሬ አልችልም" ይባላሉ፤ ሰላምታ ሰጥተው ይመለሱና በማግስቱ እንደገና ያንኳኳሉ።

ሐጂ ጁነይድ ይህን አይተው ማለፍ አልቻሉም። "ሸህ፣ ሰው እያወራ ነው። በገዛ ቤትዎ እንደ እንግዳ ደጅ ይጠናሉ። ሌላ ቢያገቡ ማን ይነቅፍዎታል?"

"ማንም አይነቅፈኝም" አሉ ሸሁ ፈገግ ብለው። "ግን ጠዋት ጠዋት ቀጠሮ አለኝ።"

ክረምቱ ሲገባ እመት ነፊሳ ደከሙ። አንድ ቀን ቅራቱን አቋርጠው ከመጋረጃው ጀርባ ተጣሩ።

"ሸሁ፣ ባሌ ቆየብኝ። አላዩትም?"

ሸሁ ዋሽተው አያውቁም። እውነቱን ገልጠው ቢናገሩ ደግሞ ያ ፍርሃት ሊመለስ ነው።

"ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ቅርብ ነው ያለው።"

"ሳይደርስ አላህ ከወሰደኝ፣ ነፊሳ አውፍ ብላ ይቅር ብላሃለች፣ ሐቋ የለብህም ይበሉልኝ። ደግ ሰው ነው።"

"አደርሳለሁ" አሉ ሸሁ። "እሱም ስለ እርስዎ ዱዓ ማድረግ አላቋረጠም።"

"ይቅሩ እንጂ" አሉ እመት ነፊሳ፣ ድምፃቸው ረጋ ብሎ።

ብዙም ሳይቆዩ እመት ነፊሳ ወደ አኼራ ሄዱ። ሸሁ ሚስታቸውን ለማጠብ ከሉባባ ጋር ገቡ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ የነፊሳን እጅ ያዙ።

ከቀብር መልስ ሐጂ ጁነይድ ጠየቁ። "ሳያውቁዎት መሞታቸው አልከበደዎትም?"

"ከበደኝ" አሉ ሸህ ሙስባሕ። "ግን የሷ ሐቅ እኔ ላይ ያለው ስታውቀኝ ብቻ አልነበረም።"

ወገኖቼ፣ ሶብር፣ ትዕግሥት፣ ስንል ብዙ ጊዜ የራሳችንን ድርሻ እስክናገኝ መጎትጎትን ማለታችን ነው። ልጃችን እንዲያመሰግነን፣ ወዳጃችን ውለታችንን እንዲያስብልን እንጎተጉታለን፤ ሲረሱን ደግሞ ጥለናቸው እንሄዳለን። ሸሁ መታወቅን ተዉ እንጂ በሩን አልተዉም። በየጠዋቱ ማንኳኳታቸውም፣ ከመጋረጃው ወዲህ መቀመጣቸውም ከአንድ ውዴታ የመጡ ናቸው። አላህ ለኛም የሚወዱትን ሳይለቁ ራስን ወደ ኋላ የማድረግ ልብ ይስጠን።