ዳለቻ አህያና የአያ ጅቦ ቀይ መኪና

ተረት ተሸክሜ መጥቻለሁ፤ «አውርጂው» በሉኝ። አላችሁኝ? እሺ፣ አወረድሁት።

እንስሳ ሁሉ አፍ፣ ዕቃ ሁሉ ምላስ በነበረው ዘመን፣ ዳለቻ የሚባል አንድ ሽማግሌ አህያ ነበረ። ሀብቱ አንዲት ጋሪ ብቻ ነበረች። አብረው ሠርተው፣ አብረው አርጅተዋል።

ዳለቻ ልጅ ነበረው። ልጁ በቅሎ ነው፤ እናቱ ፈረስ ነበረች። ያ ልጅ ከገደሉ ማዶ፣ ፈረሶች በሚኖሩበት ሜዳ አደገ። እርምጃው ሰጋር፣ ኮርቻው የብር ጌጥ ያለበት ሆነ። «አባትህ ማን ነው?» ሲሉት ግን፣ «አጎቴ ፈረስ ነው» ይላል አሉ።

ወሬው ለዳለቻ ደረሰው። አልተቆጣም፤ ናፈቀ። ጭነት ሲሸከም ይናፍቃል። ውሃ ሲጠጣ ይናፍቃል። ገብስ ሲያኝክ አፉ መሀል ላይ ቆሞ ይቀራል።

አንድ ቀን ቁራ መጥቶ፣ «ልጅህን የሜዳው አለቃ አድርገው ሊሾሙት ነው» አለው። በዚያ ሜዳ ደግሞ አንድ ወግ አለ። ተሿሚ በአደባባይ ይቆምና፣ «የእናቱ ወገን ማነው? የአባቱ ወገን ማነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ወገን የሆነ ሁሉ «እኔ ነኝ» ብሎ ወደ ፊት ይወጣል።

«ሄጄ እኔ ነኝ ልበል?» አለ ዳለቻ።

«በልና!» አለች ጋሪዋ።

«በአንቺ ተጠምጄ? በዚያ ሁሉ ፈረስ ፊት? ያፍርብኛል እኮ። ከፈረስ የሚፈጥን ነገር ይዤ ብገባ ግን…»

«ብትገባ ምን?»

«አባዬ ይለኝ ነበር።»



በዚያ ሰሞን ከገደሉ ሥር አያ ጅቦ ሰፍሮ ነበር። ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም፤ ስለማያውቁትም ቁርበት አንጥፉልኝ አለ፣ አነጠፉለት። ቁርበቱ ላይ ተቀምጦ አሮጌ ዕቃ ይሸጣል። ከሚሸጠው ሁሉ የበለጠችው አንዲት ቀይ የውድድር መኪና ነበረች። እንደሚያደባ ነብር ከመሬት ዝቅ ያለች ናት።

ዳለቻ ሄደ።

«እሰይ፣ አያ ዳለቻ! ግባ፣ ግባ! አትፍራኝ፤ ሥጋ ትቻለሁ» አለ አያ ጅቦ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከቁርስ ጀምሮ።»

የመኪናዋ ቀለም ከሩቅ ጠራው። «እየኝ እስቲ! ፀሐይ እኔን አይታ ነው መጥለቅ የተማረችው።»

አያ ጅቦ ሞተሩን አስነሣው። ሞተሩ እንደ ጠገበች ድመት አንኮራፋ። ዳለቻ ገብቶ ቢቀመጥ ጆሮው ጣሪያው ላይ ተጣጠፈ። አያ ጅቦ ጣሪያውን ገፍቶ ከፈተለትና ጆሮው ወደ ሰማይ ተዘረጋ። በመስተዋቱ ራሱን አየ። አጠገቡ ባዶ ወንበር አየ። ልጁን እዚያ ወንበር ላይ አስቀመጠው፤ በሐሳቡ።

«ምን ልስጥህ?» አለ ዳለቻ።

«ምንም! ያችን ጋሪህን ብቻ። ከእንግዲህ ምን ታደርግልሃለች?»

«ነገ ልመለስ» ብሎ ወጣ። በመንገድ ላይ ለጋሪዋ ነገራት።

«ለአያ ጅቦ ስጠኝ» አለችው። «ልጅህን ካገኘህልኝ፣ አጥንት እያመላለስሁም ቢሆን እኖራለሁ።»

 ዳለቻ በማግስቱ ተመልሶ ሄደ።

ሞተሩ እንደ ትናንቱ ወዲያው ተነሣ። ዳለቻ አፍንጫውን ኮፈኑ ላይ ቢያሳርፍ ኮፈኑ ፈጀው።

«አያ ጅቦ፣ ሳትነዳት ለምን ሞቀች?»

«ፀሐዩ ነዋ!»

ዳለቻ ቀና አለ። ሰማዩ ደመና ነው።

«እንግዲህ ጥሩ መኪና እንደ እናት ጉያ ናት፤ ምንጊዜም ሙቅ» አለ አያ ጅቦ፣ ጥርሱን እያሳየ።

ዳለቻ ስቆ ወጣ፤ መንገድ ላይ ግን ሳቁ ቆመ። ጎልማሳ ሳለ ጉልበቱን አሞት ነበር። ጌታው ሊሸጠው ሲል ጠዋት ጠዋት ያሯሩጠውና እግሩን አሙቆ ገበያ ያወጣዋል። የሞቀ እግር አያነክስም። የገዛው ሰው ማንከሱን ያየው በማግስቱ ጠዋት ነው፤ አለንጋውን የቀመሰው ግን ዳለቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሳይጠራ ሄደ። አያ ጅቦ ተኝቷል። ኮፈኑ እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ዳለቻ ቁልፉን በጥርሱ አዞረው።

ሞተሩ ሳለ። እንደገና ሳለ። በሦስተኛው «ኳ፣ ኳ፣ ኳ» ብሎ ተነሣና ሰማያዊ ጭስ ተፋ።

«ማነው በብርዴ የነካኝ?» አለ ሞተሩ።

«ልገዛህ የመጣሁ ነኝ።»

«ሂድ ወንድሜ። ሆዴ አልቋል፤ ዘይት እበላለሁ። ሜዳ ላይ አይታወቅብኝም። ከገደሉ ዳገት መሀል ስደርስ ግን ትንፋሽ ያጥረኝና ቀጥ እላለሁ። ገዢዬ ወርዶ ኮፈኔን ይከፍታል። ያን ጊዜ የአያ ጅቦ ወንድሞች ከዋሻ ይወጣሉ። ኮፈኔን የሚዘጋልኝ ራሱ አያ ጅቦ ነው፤ መልሶ ያመጣኛል።»

ዳለቻ ፀጉሩ ቆመ። «ማንን አደረስህ እስካሁን?»

«ማንንም። ፍየሏ ገዛችኝ፣ በጉ ገዛኝ፣ ወይፈኑ ገዛኝ። ሁሉም የሚናፍቁት ነበራቸው። ፍየሏ ወደ እህቷ ነበር የምትሄደው፤ መንገዱን ሁሉ ስለ እህቷ ስታወራኝ ነበር። ዝም አልኋት። ስሞቅ መሮጥ እንጂ ሌላ አይታየኝም። ሲበርደኝ ነው ድምፅዋ የሚመጣብኝ።»

ዳለቻ እንደዚያም ሰምቶ እግሩ አልነቀል አለ። ጎህ በቀዩ ቀለም ላይ አርፎ ነበር፤ መኪናዋ እንደዚያ ቀን አምራ አታውቅም።

«ቀስ ብዬ ብነዳህስ?»

«እቆማለሁ።»

«ዳገቱ ላይ ወርጄ ብጎትትህስ?»

«አህያ መሆንህን አሁን አመንሁ! መኪና ገዝተህ ልትጎትታት?»

«አንድ ጊዜ ብቻ አባዬ እንዲለኝ ነበር።»

«እኔም አንድ ጊዜ ብቻ አንድ መንገደኛ ባደርስ እወድ ነበር» አለ ሞተሩ። «ስለዚህ ሂድልኝ።»

በዚህ መሀል አያ ጅቦ ነቃ። «አያ ዳለቻ! ምነው በጠዋቱ፣ ገና ሳላሞቃት… ሳልጠርጋት?»

«ይቅርብኝ፣ አያ ጅቦ።»

«ይቅርብኝ? ልጅህስ? በዚያች ሰባራ ጋሪ ልትሄድበት ነው? ፈረስ ሁሉ እየሳቀ?»

ነገሩ ከልቡ ገባ።  ዳለቻ ፊቱን አዙሮ ወጣ። አያ ጅቦም ምራቁን ዋጠ እንጂ አልነካውም፤ በተነጠፈለት ቁርበት ላይ ደም ካፈሰሰ ሌላ ገዢ አይመጣለትም።

ዳለቻ ከጋሪዋ ጋር ተጠምዶ ጉዞ ጀመረ። ዳገቱ ላይ ሲደርሱ ከዋሻው ውስጥ ድምፅ ሰሙ።

«መጣች እንዴ ቀይቱ?»

«የለም፣ ጋሪ ነው የሚንቋቋው። ምን የመሰለ ምሳ እየመጣልን በዚህ ሽማግሌ አህያ ቆዳ ጥርሳችንን ልናደክም? ተኛ!»

ዳለቻ ትንፋሹን ውጦ አለፈ።

ሜዳው ሲደርሱ አደባባዩ ሞልቷል። ልጁ መሀል ቆሟል፤ ብሩ ያብረቀርቃል። ዳለቻ አቧራውን እንደለበሰ ከሁሉ ኋላ ቆመ። እንዴት አድጓል! ጆሮው እንዴት አምሯል!

«የእናቱ ወገን ማነው?»

«እኛ ነን!» ብለው ፈረሶቹ ወጡ።

«የአባቱ ወገን ማነው?»

የወጣ አልነበረም። ዳለቻ አፉን ከፈተ። ልጁ በዚያን ጊዜ አየው፤ አየውና አንገቱን ደፋ። ዳለቻ የከፈተውን አፍ ዘጋ።

አንድ ፈረስ ዘወር ብሎ፣ «አንተ ሽማግሌ፣ ምን ፈልገህ ነው?» አለው።

«ገብስ ላራግፍ መጥቼ ነው፣ ጌታዬ» አለ ዳለቻ። «ቦታ ተሳስቻለሁ።»

ጋሪዋን አዞረና መንገድ ጀመረ። ከኋላው የሚስቁ ነበሩ። ጋሪዋ እንዳይሰማት ቀስ ብሎ አለቀሰ።

ልጁ የአባቱን ጀርባ አየ፤ ጠበበ፣ አነሰ፣ መታጠፊያው ላይ ሊሰወር ሆነ። ሊተወው ፈለገ፤ አልቻለም። አፉን ከፍቶ ተጣራ። ድምፁ ሲጀምር የፈረስ ነበር፤ እየረዘመ፣ እየጨነቀው ሲሄድ ግን ከሆዱ የአህያ ድምፅ ወጣ። ሜዳው ሁሉ ሰማ። 

ዳለቻ ቆመ። ያንኑ ድምፅ መልሶ ላከለት።

«የአባቱ ወገን ማነው?» ብሎ ዳግመኛ የጠየቀ አልነበረም።

እኔ ያየሁትን ሳይሆን የሰማሁትን ነገርኋችሁ፤ እናንተም ለልጆቻችሁ አድርሱልኝ። ቀለም ዐይንን ይጠራል፤ ወገንን የሚጠራ ግን ከሆድ የሚወጣ ድምፅ ነው።