ዳለቻ የማን በሬ ነው?

በአንድ ወቅት፣ በፋሲካ ማግስት ሥጋ አልበላም ያለ ሰው ወይ ታሟል ወይ ከሰው ተጣልቷል በሚባልበት አንድ የገጠር ቀበሌ፣ ሥጋ የማይበሉ ሦስት የአንድ ቤት ልጆች ነበሩ። ሁለቱ ወንዶች፣ አንዷ ሴት። ሥጋ ብቻ አይደለም፤ ወተቱንም፣ ቅቤውንም፣ እንቁላሉንም ትተዋል። ጾም ሲያዝ ማንም ልብ አይላቸውም፤ ከሰው ይመሳሰላሉ። ጉዳቸው የሚወጣው ጾም ሲፈታ ነው። ቄሱ እንኳ አንዴ ጠርተዋቸው፣ «ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት መጾም እኮ ክልክል ነው» ብለው ተቆጥተዋል። ሦስቱም «ጾም አይደለም፣ አባ» አሉ። «ታዲያ ምንድነው?» ሲባሉ ግን መልሳቸው ለየቅል ሆነ።

ታላቁ ገላነው ገበሬ ነው፤ የልጆች አባት። አንድ ቀን እርሻ ላይ ዞሮት ወደቀና ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ደም ግፊት አለብህ፣ ጮማና ቅቤ ይቅርብህ ተባለ። እናቱም ይሄው በሽታ ነበረባት። እሷ «ሰው ቤት ተጋብዤ ቅቤ ያለበት አልበላም ልበል እንዴ?» እያለች ትስቅ ነበር። ገላነው አልሳቀም። ከዚያ ቀን ወዲህ ከእንስሳ የሚገኝ ነገር በአፉ አልዞረም። «ልጆቼን ለወግ ለማዕረግ ሳላበቃ አልሞትም» ይላል። ለበሬ አዝኖ እንዳይመስላችሁ። በሬ ለእሱ በሬ ነው።

መካከለኛዋ እማዋይሽ ባሏን ፈትታ ተመልሳ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይታ ጎመን ትሸጣለች። መሬት የላትም። ሥጋ የተወችው በአንድ ሠርግ ላይ ነው። ሊታረድ የነበረ ወይፈን አምልጦ ሮጠና መጥቶ እሷ ኋላ ተሸሸገ። እሷም ገመዱን ይዛ መልሳ ለአራጆቹ አቀበለች። ምሳ ሲቀርብ መጉረስ አቃታት። «ቢላዋ የሚፈራ ነገር አልበላም» ትላለች። ወተቱስ ምን አደረገሽ ሲሏት፣ «የጥጃው ነዋ!» ትላለች። ይስቁባታል። ምን ቸገራት፣ ይሳቁ።

ትንሹ ፈንታ ደግሞ የተከለለው ተራራ ጠባቂ ነው። ያ ተራራ በከብት ተግጦ ተግጦ ድንጋዩ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ከሥሩ ያለው ምንጭም ደረቀ። ሰው መከረና ከለለው። ሣሩ እየታጨደ ይከፋፈላል እንጂ ከብት አይረግጠውም። ምንጩ ሲመለስ ፈንታ በዓይኑ አየ። «ከብት ከበዛ ይሄም ተመልሶ ይሄዳል» አለና የከብት ነገር ከገበታው አወጣ። «ከብት ይቀነስ አላልክም? እኛ እየበላን እየቀነስንልህ ነው እኮ!» ይሉታል። «አንዱን በልታችሁ ሁለት ነው የምታረቡት» ይላቸዋል። አይስቅም፤ የሳቅ ሰው አይደለም።

አባታቸው ይርዳው ይባላል። እሱ ሥጋ ይበላል። ነገሩን ያመጣውም የእሱ ቃል ነው።

ቅርጫን ታውቁታላችሁ፤ ጎረቤት ተሰብስቦ አንድ በሬ ያርዳል፣ ሥጋው እኩል ይመደባል፣ ዕጣ ይወጣል። በዚያ ቀበሌ በሬውን የሚያቀርቡት አባወራዎቹ በየተራ ነው። ያን ዓመት ተራው የይርዳው ነበር። በጥር ወር ሰው ፊት ቆሞ፣ «የዘንድሮው ፋሲካ ዳለቻ ነው» ብሎ ቃል ሰጠ። ዳለቻ አንድ ግራጫ በሬ ነው። እናቱ ስትወልደው ስለሞተች፣ ከሰው ቤት ወተት እየለመነች፣ ጣቷን እያጠባች ያሳደገችው የይርዳው ሚስት ጥሩአየር ናት። ይርዳው አላማከራትም። ወሬውን ከሰው ሰማችና፣ «ዳለቻን ሰጠኸው አሉ» አለችው። «አዎ» አላት። «እሺ» አለች። ሁዳዴ እኩል ሲሆን ያ ደም ግፊት ጣላትና በዚያው ሄደች።

ይርዳው አላለቀሰም። ሰው ደረቱን ሲመታ እሱ እጁን ያይ ነበር። ደንዝዟል አሉ። እውነትም ደንዝዞ ነበር፤ ብርዱም ረሃቡም አይታወቀውም። ሲመሽ ወጥቶ በረቱ አጠገብ ይቀመጣል። ዳለቻ ጥሩአየር ጨው ታልሰው ወደነበረበት በር ዞሮ እምቧ ይላል። እሱ ያዳምጣል። ያቺን «እሺ» ከጆሮው ማውጣት አልቻለም። ቢያስታርቁት ደስ ባለው፤ የሚታረቃት ግን የለችም።

በዚህ መሃል ዳለቻን የሚያስበው ጠፋ። ዝናብ ቀርቷል፣ ገለባ አልቋል፣ የሰው ከብት በየደጁ እየወደቀ ነው። ፈንታ ይሄኔ ከተራራው የደረሰውን የሣር ድርሻ በጀርባው እየተሸከመ ማምጣት ጀመረ። ያችን ሣር ሸጦ ነው ክረምቱን የሚወጣው። ሰው ጉድ አለ። «አንተ ሰውዬ፣ እሱ ቢሞት እኮ አንድ ከብት ቀነሰልህ!» አሉት። «የእናቴ ነው» አለና ሸክሙን አስተካክሎ አለፈ። ዳለቻ ከሞት ተረፈ። ተርፎም ወፈረ። እንግዲህ በዚያ ሁሉ አጥንቱ በወጣ ከብት መሃል የወፈረ በሬ ምን እንደሚመስል ራሳችሁ አስቡት። የሰው ዓይን ሁሉ እሱ ላይ አረፈ።

የቅርጫው ሰብሳቢ አላምረው ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ፣ ከተቀመጠ በኋላ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «ሐዘንህ ሐዘናችን ነው፣ ይርዳው። ሌላ በሬ ቢገኝ አንተን ባላስቸገርን። ሰዉ ሁለት ወር ሽሮ በልቷል፤ ለልጆቹ ምን እንበላቸው?» አለ። ይርዳው፣ «ቃሌ ቃል ነው» አለ። አይሆንም ለማለት ጉልበት አልነበረውም፤ የሰጠውን ቃል መብላትም ሞቱ ነው።

በፋሲካ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የቅርጫው ሰዎች ዳለቻን ሊወስዱ መጡ። እማዋይሽ በሩ ላይ ተንበርክካለች፤ ማጅራቷ ላይ የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ ተሸክማለች። አገሩ እንዲህ ነው፤ ነፍስ ያጠፋ እንኳ ድንጋይ ተሸክሞ ከመጣ ዝም ተብሎ አይታለፍም። ሰዎቹ እግራቸው ተሳሰረ።

«ምን በደልሽንና ነው፣ ልጄ? አውርጂው» አላት አላምረው።

«በድያችሁ አይደለም፣ ጋሼ። ዳለቻን ማሩልኝ። ካልማራችሁት አላወርድም።»

«በሬ እኮ ነው!»

«እናቴ ያሳደገችው ነው። ማሩልኝ።»

አንገቷ ይንቀጠቀጣል። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዱ እንደውም እንባው መጣ። በመጨረሻ አላምረው፣ «ይሁን፣ ለእግዜር ብለናል። ምረነዋል» አለ። ከዚያ ወደ ይርዳው ዞረና፣ «ነገ ግን ምን ልንበላ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ይርዳው አፈረ። ቃሉን በልጁ ድንጋይ ሊበላው ነው። መሬት ብትውጠው በወደደ።

ገላነው ይሄን ጊዜ ነው የደረሰው። ከጥማዱ አንዱን፣ ጥቁሩን ወይፈኑን እየጎተተ መጣ። ለመጪው ክረምት የሚያርስበት ነው። «የአባቴ ተራ አይታጠፍም። ይሄን ውሰዱ» አለና ገመዱን ለአላምረው ሰጠ።

እማዋይሽ ድንጋዩን ገና አላወረደችም። «ይሄኛውስ፣ ገላነው?» አለችው።

«እኔ በሬ ላድን አልመጣሁም። የአባቴን ቃል ነው ያዳንኩት።»

በማግስቱ ወይፈኑ ታረደ። ለሐዘንተኛ ብለው የይርዳውን መደብ ወጥ ሠርተው አመጡለት። በላ። ጣዕሙን አላወቀውም። ሦስቱ ልጆቹ ከጎኑ ተቀምጠው ሽሯቸውን በሉ። እማዋይሽ ሁለት ጊዜ ጎርሳ ተነሳች።

ለቅሶው ሲበተን ይርዳው ሦስቱን ጠራቸው። «እኔ እዚህ ቤት ብቻዬን መኖር አልችልም። ቤቱን እዘጋለሁ። ዳለቻ ከእንግዲህ የእኔ አይደለም፤ ለሦስት ልክፈለውም ብል ያው ማረድ ነው። ካንዳችሁ ጋር ይሂድ። እሱ የሄደበት እኔም እሄዳለሁ። እናታችሁ ከነበረችበት ዓለም የቀረኝ እሱ ነው» አለ። ይህን ሁሉ ሲናገር ድምፁ አልተለወጠም።

ገላነው ቀድሞ ተናገረ። «ወይፈኔን የሰጠሁት በዳለቻ ምትክ ነው። ጥማዴ ጎድሏል፤ ካላረስኩ ልጆቼ ይራባሉ። ዳለቻ ከእኔ ጋር ያርሳል። አንተም ከልጅ ልጆችህ ጋር ትሆናለህ። ሲያረጅ ግን እሸጠዋለሁ፣ አባዬ። አልዋሽህም።»

«የሚገዛው ማነው?» አለች እማዋይሽ።

«እሱን አልጠይቅም።»

እሷም እንዲህ አለች፦ «እኔ ባልንበረከክ ዛሬ ዳለቻ ቁርበት ነበር። እኔ ጋ አይጠመድም፣ አይመታም፣ በጊዜው ይሞታል። ቀንበር የበቃው በሬ ነው።»

«ምን ልታበይው ነው? ጎመን?» አለ ፈንታ።

«እለምናለሁ። እማዬም ለምና ነው ያሳደገችው።»

«በዚህ ድርቅ ማን ይሰጥሻል? ፍቅር አያጠግበውም» አለና ፈንታ ወደ አባቱ ዞረ። «ሣሩ ያለው እኔ ጋ ነው። ያለ ሣሬ ድንጋዩም ወይፈኑም ለሬሳ ነበር የሚሆኑት። እኔ ጋ አይራብም፣ አይሸጥም። ግን ታስሮ ይውላል፣ ታስሮ ያድራል። የተራራውን አፈር እግሩ አይነካም፤ ለእናቴ በሬ ብዬ ሕጉን ብጥስ ነገ ሁሉም የእናቱን በሬ ይዞ ይመጣል።»

«እስከ ዕድሜ ልኩ ችካል ላይ?» አለች እማዋይሽ።

«እስከ ዕድሜ ልኩ።»

አንድ ገበታ ላይ አንድ ዓይነት ምግብ የሚበሉ ሰዎች ናቸው፤ ሥጋ አንበላም ሲሉ አንድ አፍ ነበሩ። በሬው በሕይወት ሲቆምባቸው ግን ሦስት ሆኑ። እኔ ለአንዱም አላዳላም። ለማዳላትም ልብ ይጠይቃል፤ ይሄን ነገር ባወራሁት ቁጥር ልቤ ይደክማል።

ይርዳው ከበረቱ ዳለቻን አውጥቶ አመጣው። «እናታችሁን አልጠየቅኋትም» አለ። «ዛሬ እሷን ልጠይቅ ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ አደርኩ። የመጣልኝ ያው 'እሺ' ነው። ለገላነው ብላት እሺ። ለእማዋይሽ ብላት እሺ። ለፈንታም ብላት እሺ። እንግዲህ መፍረዱ የእኔ ነው።» ያኔ ነው ያለቀሰው። ልጆቹ አባታቸው ሲያለቅስ አይተው አያውቁም ነበርና የሚያደርጉት ጠፋቸው።

ገመዱን ዘረጋ። ሦስት እጅ ወደ እሱ ተዘረጋ። አንዱ ጋ ዳለቻ ሥራ አለው፣ አባትየውም የልጅ ልጅ አለው፤ መጨረሻው ግን ገበያ ነው። አንዷ ጋ ፍቅር አለ፣ ቢላዋም የለም፤ ጠግቦ ማደር ግን አጠራጣሪ ነው። አንዱ ጋ ሁልጊዜ ጥጋብ ነው፤ ሁልጊዜም ችካል።

ሦስቱም አድነውታል፤ አንዱ ቢጎድል ዳለቻ አይኖርም ነበር። ሽማግሌው እዚያው ደጃፉ ላይ ገመዱን ይዞ ቆሟል፣ ዳለቻን የሚወስደውንም ልጅ ሊከተል ተነስቷል። በሉ እናንተ ፍረዱ፤ ዳለቻ ለማን ይገባል?