የውሃ አባቱና ያልታወቀው ብርሃን

አንድ ሰው ነበረ። መምሬ ገላው የጀመሩት በዚህ ቃል ይመስለኛል፤ «አንድ ገበሬ ነበረ» ብለውም ሊሆን ይችላል። ከሰማሁት ቆይቷልና አንዳንዱን ነገር አሳስቼ ላስታውስ እችላለሁ። የጠየቀቻቸው ዘርፌ እንደ ነበረች ግን እርግጠኛ ነኝ፤ ጥያቄዋንም አልረሳሁትም፤ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር።

ከቅዳሴ በኋላ ነው። ሰዉ ተበትኖ ጥቂቶቻችን በደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር ቀርተናል። ዘርፌ ነጠላዋን እስከ አገጯ ተሸፋፍና ቆየችና፣ «መምሬ፣ ሰው እናቱን ትቶ ቢሄድ ምን ያህል ኃጢአት ነው?» አለች።

«ማን ነው ትቶ የሚሄደው?»

«እኔ ነኝ እንጂ፣ ማን ይሆናል! ስሜን ረስታዋለች። ቀን ቀን ዝም ትላለች፤ ፀሐይ ልትገባ ስትል ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ‹አንቺ ሌባ፣ ከቤቴ ውጪልኝ› ትለኛለች። ትናንት በከዘራዋ ክንዴን አለችኝ። መምሬ፣ ይቺ እናቴ አይደለችም። የማላውቀው ነገር ገብቶባታል። ሩቅ አገር ጠበል አለ አሉኝ። ሐሙስ በመኪና እወስዳትና እዚያ ላሉት ሰዎች አደራ ብዬ እመለሳለሁ።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

መምሬ አልተቆጧትም። እንዲህ ሲሉ ነገሯት።

አንድ ሰው ነበረ። በአገሩ የውሃ አባት ነበር። የውሃ አባት የመስኖውን ውሃ ለገበሬው ሁሉ በተራ የሚያካፍል፣ አድልዎ እንዳያደርግ ሰው ተስማምቶ የሾመው ሰው ነው። የመንደሩ ምንጭ ቀጭን ስለ ነበረች ውሃዋ በቀጥታ እርሻ አይደርስም። ስለዚህ የሰውየው አባት በዘመናቸው ጎረቤቱን ሁሉ አስተባብረው፣ ድንጋይ አሸክመው፣ ጭቃ አስረግጠው ኩሬ አበጁላት። የኩሬው አፍ በምዕራብ በኩል ነው። ከዚያ የሚወጣው ውሃ ለሁለት ይከፈላል። የቀኝ ቦይ ሰዎች በንጋት ያጠጣሉ፤ የግራ ቦይ ሰዎች በምሽት።

የንጋቱን ሰዓት የምትናገረው አጥቢያ ኮከብ ነበረች። አባቱ ሲያስተምሩት፣ «ሰማይ ሰማይ አትይ፤ አንጋጦ የሚያይ ይሳሳታል። ውሃውን እይ። ከኮከብ ሁሉ ብርሃኗ በውሃው ላይ ተዘርግቶ እግርህ ድረስ የሚመጣ እሷ ብቻ ናት። ስትመጣልህ ክፈት» ብለውት ነበር። እሱም እንዲሁ ያደርጋል። ማለዳ በኩሬው አፍ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ መልሶ ይቆማል። ቀጭን፣ ነጭ፣ ትንሽ የሚንቀጠቀጥ የብርሃን ክር ከወዲያኛው ዳር ተነሥቶ እግሩ ሥር ይደርሳል። ያን ጊዜ ጎንበስ ብሎ የኩሬውን አፍ የደፈነውን ጭቃ ያነሣል፤ ውሃው ይሄዳል። አባቱ ከሞቱ በኋላ እንኳ በዚያ ሰዓት ብቻውን የሆነ መስሎ ተሰምቶት አያውቅም።

ኮከቧ የምትሰወርበት ወራት አለ። ያን ጊዜ በዶሮ ጩኸት ይከፍታል፤ «ሄዳለች፣ ትመጣለች» ይላል። ወዴት እንደምትሄድ ግን አስቦበት አያውቅም።

በአንድ ዓመት እንደ ልማዷ ተሰወረች። በዚያው ሰሞን ሽንኩርት የሚገዛ ነጋዴ ከከተማ መጣ። ሽንኩርት ይሁን ነጭ ሽንኩርት አሁን እጠራጠራለሁ። ነጋዴው ጆንያው እስኪሞላ ድረስ ስልኩን አውጥቶ ለገበሬዎቹ ቪዲዮ ያሳያቸዋል። በባዕድ አገር ሰማይ ላይ ክብ ብርሃን ወዲያና ወዲህ ይላል።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ አንዱ ሚሊሻ።

«ዩፎ ይሉታል። ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ በራሪ ነገር ነው። መንግሥታት እንኳ አላወቁትም።»

«ሰው አለበት?»

«የኛ ዓይነት ሰውስ ያለበት አይመስለኝም።»

«ሰው ከሌለበት ደግ ነው፤ ግብር አይጠይቅም» አለ ሚሊሻው። ሁሉም ሳቁ። ነጋዴው ሽንኩርቱን ጭኖ ሄደ፤ ወሬው ግን እዚያው ቀረ።

ጥቂት እንደ ቆየ፣ አንድ ምሽት ፀሐይ ከገባች በኋላ ከማሳው ማዶ በምዕራብ ካለው ተራራ በላይ አንድ ብርሃን ታየ። ከኮከብ ይተልቃል። ሌላው ኮከብ ሳይወጣ እሱ ብቻውን ወጥቷል። ወደ ተራራው ጫፍ ሲቃረብ አንዴ ይቀላል፣ አንዴ አረንጓዴ ይሆናል፤ ከዚያ ወርዶ ይጠፋል። በማግሥቱም ታየ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታትም በምሽት እንዲህ ያለ ብርሃን ታይቶ ይሆናል፤ ግን ማን ልብ ብሎት? ምሽት የጥድፊያ ሰዓት ነው፤ ከብት ይገባል፣ ውሃ ይጠለፋል። ሰዉን ቀና ብሎ እንዲያይ ያደረገው ፍርሃት ነው።

የውሃ አባቱ ከሁሉ ይልቅ ፈራ። ምሽት የኩሬውን አፍ ሲከፍት ጎንበስ የሚለው ወደ ውሃው ነውና ብርሃኑ ከጀርባው ይሆናል፤ ማጅራቱ ላይ የተቀመጠ ይመስለዋል። ወደ ቤቱ ሲመለስ ብርሃኑ በዛፎቹ መካከል አብሮት ይሄዳል።

«ስሄድ ሄደ፤ ስቆም ቆመ» ብሎ ለጎረቤቶቹ ነገራቸው።

«አንተን ምን ሊያደርግህ ይከተልሃል? ሚስትህ እንኳ ገበያ አትከተልህም» አለው ሚሊሻው። ግን እሱንም ወደ ቤቱ ሲመለስ ብርሃኑ ተከተለው። በማግሥቱ ጠመንጃውን ይዞ ወጣና ተኮሰ። ብርሃኑ ንቅንቅ አላለም።

«ሳትከው» አሉት።

«እኔ? መታሁት እንጂ! አልተሰማውም ማለት ነው።»

ይህ ደግሞ የባሰ አስፈራቸው። የግራ ቦይ ሰዎች ፀሐይ ሳትገባ በራቸውን መዝጋት ጀመሩ። የውሃ አባቱ ውሃውን ቢለቅላቸውም ወደ መደባቸው የሚመራው ሰው ስለሌለ መንገድ ላይ ፈሶ ይቀራል። የሽንኩርቱ ቅጠል ጫፉ ቢጫ ሆነ። ከግራ ቦይ አንዲት ሴት መጥታ፣ «ወንድም ጋሼ፣ አሁን አሁንስ ነቅዬ ልጣለው ነው። ቆሞ ሲሞት ከማይ» አለችው። እሱ ራሱ ከኀዘኑ ጋር ነበር፤ ማለዳ ማለዳ ምሥራቁን እያየ፣ «ኮከቤ እንኳ እንዲህ ያለ ቀን መጥቶብኝ ጥላኝ ሄደች» ይል ነበር።

በመጨረሻ መንደሩ ተሰበሰበ። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ «ይህ ነገር በየምሽቱ ወደ እኛ ነው የሚወርደው። እኛ ዘንድ ምን አለ? ወርቅ የለን። ውሃ ነው ያለን። የሚፈልገው ውሃውን ነው። ኩሬው ይፍረስ፤ ሲደርቅ አይቶ ይሂድልን» አሉ። ፍርሃት የያዘው ሰው ምክር አይመርጥምና ሁሉም «ልክ ነው» አለ። ግድቡን በምሥራቅ በኩል አፍርሰው ውሃውን ወደ ገደሉ ሊለቁት ተስማሙ። የሚያፈርሰውም በሹመቱ የውሃ አባቱ ሆነ።

በማግሥቱ ዶማውን ይዞ ወጣ። ግን እጁ እምቢ አለው። የአባቱ እጅ ያስቀመጠው ድንጋይ ነው። መጀመሪያ ቦዩን ጠረገ። ቀጥሎ ዶማውን ሳለ። ተቀመጠ፤ ተነሣ፤ እንደገና ተቀመጠ። እንዲህ ሲል ፀሐይ ገባችበት። ሰዎቹ ከሩቅ ሆነው፣ «ምን ትጠብቃለህ? መጣብህ እኮ!» እያሉ ይጮኻሉ። ያን ጊዜ ኩሬውን ዞሮ በምሥራቁ ግድብ ላይ ወጣ። በዚያ ዳር በምሽት ቆሞ አያውቅም፤ ሥራው ሁልጊዜ በኩሬው አፍ ዘንድ ነበር። ብርሃኑ አሁን ፊት ለፊቱ ነው። ላለማየት ዓይኑን ወደ ታች አደረገ፤ ዶማውንም አነሣ።

ከታች ውሃው ነበር። ቀጭን፣ ነጭ፣ ትንሽ የሚንቀጠቀጥ የብርሃን ክር ከወዲያኛው ዳር ተነሥቶ እግሩ ሥር ደርሷል።

ዶማው በአየር ላይ ቀረ። አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ሄደ፤ ክሩም ተከትሎት እግሩ ሥር መጣ። ወደ ግራ ተመለሰ፤ መጣ። ይህን አመጣጥ ያውቀዋል። በሕይወቱ ከሚስቱ ድምፅ ቀጥሎ ደኅና አድርጎ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ይህ ነው። ቀስ ብሎ ቀና አለና ለመጀመሪያ ጊዜ ብርሃኑን ፊቱን አየው።

«አንቺ ነሽ እንዴ?» አለ።

ዶማውን አስቀምጦ ግድቡ ላይ ቁጭ አለ። ሰዎቹ የሆነ ነገር ያገኘው መስሏቸው እየሮጡ መጡ፤ ሲያለቅስ አገኙት። አንድ በአንድ በዚያ ዳር አቁሞ ውሃውን አሳያቸው። የቀኝ ቦይ ሰዎች ማለዳ ማለዳ አይተዋት ያውቃሉና ወዲያው ለዩአት።

ሚሊሻው ራሱን ይዞ፣ «እንግዲህ እኔ አጥቢያ ኮከብ ላይ ነው የተኮስኩት?» አለ።

«እግዜር ይስጥህ፤ ደግነቱ ትስታለህ» አሉት።

በዚያው ምሽት የግራ ቦይ ሰዎች አካፋቸውን ይዘው ወጡ። ውሃው መደባቸው ደረሰ።

መምሬ ገላው እዚህ ላይ አቆሙና ወደ ዘርፌ ዞሩ።

«ያ ሰው አንቺ ነሽ፣ ልጄ። ኮከቧም እናትሽ ናት። በማለዳሽ አውቀሻታል፤ ስትነሺ እሷን አይተሽ ነው የተነሣሽው። ጥቂት ጊዜ ከዓይንሽ ተሰወረች። አሁን ደግሞ በምሽት፣ ባልለመድሽው በኩል ወጣች፤ መልኳም እየተለዋወጠ ነው። የማላውቀው ነገር ነው ብለሽ ፈራሻት። አልፈርድብሽም፤ ያስፈራል። ከዘራውም ያማል። ግን አንቺ እስከ ዛሬ የቆምሽው በአንዱ ዳር ብቻ ነው፤ እሷ ስትሰጥሽ አንቺ ስትቀበይ። ዳሩን ዙሪና ከወዲያ እያት። የሚረዳሽ ሰው ፈልጊ፣ ሐኪምም አሳዪአት፣ ጠበሉም ደግ ነው። ኩሬውን ግን አታፍርሺ።»

ዘርፌ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚያ፣ «መምሬ፣ ሰውየውስ ኮከቧን አወቃት። እናቴ ግን እኔን አታውቀኝም» አለች።

«ኮከቧስ ሰውየውን ታውቀው ነበር?» አሉ መምሬ።

ዘርፌም ተነሥታ መስቀላቸውን ተሳልማ ሄደች።

የነገሩን ነገር ልክ መሆኑን ልይ ብዬ በኋላ መጽሐፍ አገላበጥኩ። የንጋቷና የምሽቷ በእርግጥም አንድ ናት፤ በመካከሉ ለሳምንታት የማትታየው ከፀሐይ ወዲያ ስለምትሆን ነው። የውሃ አባቱ መንደር የት እንደ ነበረ፣ ከናካቴው ነበረ ወይ የሚለውን ግን መምሬን ሳልጠይቃቸው ቀረሁ።

ስለ ዘርፌም በወሬ ብቻ መናገር አልፈለግሁም። የመኪናውን ሹፌር ጠየቅሁት፤ አብራቸው የተጓዘች አንዲት ሴትም ጠየቅሁ። ሁለቱም የነገሩኝ አንድ ዓይነት ነው። ዘርፌና እናቷ ሐሙስ ሄዱ፤ ሱባኤው ሲያበቃ ሁለቱም ተመለሱ። በመልሱ መንገድ እናቲቱ መስኮቱ ዘንድ ተቀምጠው ሹፌሩን፣ «ይቺ ደግ ልጅ የማን ናት?» እያሉ ደጋግመው ይጠይቁት ነበር። በጠየቁት ቁጥር ከሹፌሩ ቀድማ የምትመልስላቸው ዘርፌ ነበረች፤ «ያንቺ ነኝ» ትላቸው ነበር።