አያ ጅቦ ለቤዙ ክር ሲመርጥ

በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ! ጅብ የሚፈራ ወደ መሀል ይግባ፣ የማይፈራ ዳር ዳሩን ይያዝልኝ። ድሮ ድሮ፣ እንስሳ ሁሉ አፍ በነበረው ጊዜ፣ ዕቃም ቢሆን የተሰማውን ለመናገር በማያፍርበት ዘመን፣ አንድ አያ ጅቦ ነበር። ይህ አያ ጅቦ ቤዝ ጊታር ይጫወት ነበር። ምን ያስቃችኋል? ጅብ ወፍራም ድምፅ ቢወድ ምኑ ይገርማል! ደግሞ "ለጊታሩ መብራቱስ ከየት መጣ?" የሚል ነገረኛ አይጠፋም። ተረት ውስጥ መብራት አይጠፋም፣ በቃ!

ቤዙ መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ጊታር ነበር። አንገቱ ላይ ቀጫጭን ብረቶች ተጋድመውበት፣ ጣት የቱ ጋ ማረፍ እንዳለበት ያሳዩ ነበር። አያ ጅቦ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን ብረቶቹ የጎድን አጥንት መስለውት አንድ በአንድ እየነቀለ ቆረጣጠማቸው። ከዚያ ወዲህ የቤዙ አንገት ባዶ እንጨት ሆኖ ቀረ። አያ ጅቦም ድምፁን የሚያገኘው በጆሮው እያዳመጠ፣ በጣቱ እየዳበሰ ነው።

"አይ ዕጣዬ!" ይል ነበር ቤዙ። "ሌላውን ጊታር ሙዚቀኛ ያነሳዋል፣ እኔን ራብተኛ አነሳኝ!"

"ይቅርታ አልኩህ እኮ!" ይላል አያ ጅቦ።

"ይቅርታህ ብረቱን ይመልስልኛል?"

እውነቱን ለመናገር ግን ብረቱ ከወለቀ በኋላ የቤዙ ድምፅ አማረ። ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሄድ አይዘልም፣ እየተንሸራተተ ነው የሚሄደው። አብረውት የሚጫወቱት ሁለት ነበሩ። እንኮዬ ጦጢት ትዘፍናለች፣ ታዛለች፣ ትቆጣለች። በግ ከበሮ ይመታል። ከበሮው ከማን ቆዳ እንደተሠራ ማንም ለበግ እንዳይነግረው ተማምለዋል።

አያ ጅቦ በሕይወቱ አንድ ነገር ያምረው ነበር፤ ሠርግ መጠራት። ሠርግማ መች ጠፋው! በየሠርጉ አጥር ዙሪያ ሲዞር ነው ያደገው። "አያ ጅቦ፣ ግባ እንጂ፣ ቁጭ በል" ያለው ፍጡር ግን አልነበረም። እልልታው ከውስጥ ሲሰማ እሱ ከአጥሩ ውጭ ጆሮውን አቁሞ ያዳምጥ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን እትዬ አህዪት ልጇን ልትድር ሆነ። ከወንዝ ማዶ ያሉት የሙሽራው ወገኖች "ቤዝ የሌለበት ሙዚቃ ሙዚቃ አይደለም። ቤዝ ከሌለ ሙሽራውን ይዘን አንመጣም!" ብለው ላኩባት። አማች ነው፣ ምን ይባላል? በአገሩ ያለው ቤዝ ተጫዋች ደግሞ አንድ አያ ጅቦ ብቻ ነው። እትዬ አህዪት ጨነቃት፣ ጠበባት፣ በመጨረሻ እንኮዬ ጦጢትን አስጠራች።

"ለመሆኑ ጨዋታው እንዴት ነው?" ብላ ጠየቀቻት።

"ወይ ጨዋታ!" አለች ጦጢት፣ ማሞገሷ ነው። "አንጀት ይበላል እኮ!"

የእትዬ አህዪት ጆሮዎች ቀጥ አሉ። "የማንን አንጀት?"

"አይ እትዬ፣ አነጋገር ነው!"

"አነጋገሩ ነው ያስፈራኝ!" እትዬ አህዪት ሁለት ጊዜ ዞር ዞር አለችና ቆረጠች። "እሺ፣ ይምጣ። ግን ስሚኝ ጦጢት። እጁ ክሩ ላይ ካለ ሌላ ነገር ላይ የለም ማለት ነው። ቤዙ እየተሰማን እንጨፍራለን። ቤዙ ዝም ካለ ግን ሙሽሪትም፣ ሚዜዎቹም፣ እኔም እግሬ አውጪኝ ነው። ሠርጉ ይፈርሳል። ያ ጅብም ከዚያ ወዲያ የማንንም ደጅ አይረግጥም!"

ጦጢት ይህን ስትነግረው አያ ጅቦ መሬት ላይ ተንከባለለ። "ጠራችኝ? በስሜ ጠራችኝ?"

"'ያ ጅብ' ነው ያለችህ።"

"ይሁን፣ እሱም ስም ነው!"

ደስታው ግን ቤዙን ሲያነሳ ቀዘቀዘ። ሌሎቹ ክሮች ተበጥሰው፣ የቀረው አንድ ክርም በለሃጩ ዝጎ ሊበጠስ ደርሷል። እንዲህ ያለ ክር ሠርግ ላይ ቢበጠስስ? ቤዙን አዝሎ ወደ ገበያ ሮጠ።

ገበያ ላይ ክር የምትሸጠው ጃርት ነበረች። መደርደሪያ የላትም። ክሮቿን በየእሾኋ ላይ አንጠልጥላ ቁጭ ትላለች። "ወስደህ ሞክረው፣ ካልተስማማህ መልሰው" ትላለች ለመጣው ሁሉ።

አያ ጅቦ ገና ሲቀርብ አንድ የሚያብለጨልጭ ክር ጮኸ። ዙሪያውን በቀጭን ሽቦ የተጠመጠመ፣ ሲነኩት የሚሻክር ክር ነው። "እኔን ውሰደኝ! እኔ ባለሁበት ሙሽሪትን ማን ያያታል?"

"እውነትም ታምራለህ!" አለ አያ ጅቦ፣ ይዞት ሄደ።

ልምምድ ላይ ሲነካው ድምፁ ጥርት፣ ጮክ ያለ ሆነ። ጦጢት "እሰይ!" አለች። አያ ጅቦ ግን ጣቱን አንሸራትቶ ወደ ታች ሲወርድ ክሩ "ጭርርርር!" አለና በግ ከበሮውን ጥሎ ጆሮውን ያዘ።

"ኧረ የሰው ያለህ!" አለ ቤዙ። "ይሄ ክር ነው ሞረድ? አንገቴን እየፋቀኝ ነው!"

ሲያዩት እውነቱን ነው፤ የእንጨት ብናኝ መሬት ላይ ወርዷል። ብረት የሌለው አንገት ላይ ሸካራ ክር የሚፋተገው ከእንጨቱ ጋር ነዋ! "አንድ ሠርግ ተጫውተህብኝ የጥርስ መፋቂያ አድርገህ ልትጥለኝ ነው?" ብሎ ቤዙ እሪ አለ። አያ ጅቦ ክሩን ይዞ ተመለሰ።

"ተስማማህ?" አለች ጃርት።

"እኔስ ተስማምቶኝ ነበር፣ አንገቱ እምቢ አለ።"

በዚህ መሀል አያ ጅቦ አፍንጫው ተንቀሳቀሰ። ከጃርት ትከሻ ላይ አንዲት ወፍራም ክር ተንጠልጥላለች። ውስጧ ሽቦ ነው፣ ላይዋ በበግ አንጀት ተጠምጥሟል። "ና እስኪ አያ ጅቦ" አለችው ለስለስ ባለ ድምፅ፣ "የምትፈልገው እኔን ሳይሆን ይቀራል?"

አያ ጅቦ ድምፅሽን ልስማ እንኳ አላላትም፣ ይዟት በረረ።

እሷን ሲነካት ግን፣ ወገኖቼ፣ ቀልድ ቀረ። ድምፁ ከመሬት ሥር የመጣ ይመስል ነበር። ጦጢት እንባዋን ጠረገች። ቤዙ ራሱ ተገረመ፣ "እንዲህ ያለ ነገር ከእኔ ሆድ ይወጣል?" አለ። በግ ብቻ ከበሮውን አቆመና አንገቱን ዘመም አደረገ።

"ይሄን ድምፅ የማውቀው ይመስለኛል" አለ። "የአክስቴ ድምፅ አይደለም?"

ሁሉም መሬት መሬት አዩ።

"ድምፅ ይመሳሰላል!" አለች ጦጢት ቶሎ ብላ። "ዝም ብለህ ምታ!"

ጨዋታው ሲሟሟቅ የአያ ጅቦ ምላስ ብቅ አለ። ክሯን አንድ ጊዜ ላሳት። ላብ ሊጠርግላት ነው አሉ። ደግሞ ላሳት። ሦስተኛ ጊዜ ግን "ስልቅጥ" የሚል ነገር ተሰማ፣ ሙዚቃውም ቀጥ አለ። ቤዙ ላይ የተረፈው ራቁቱን የቀረ ሽቦ ብቻ ነው።

"ዋጥካት?" አለ ቤዙ።

"ማንን?"

"ክሯን ነዋ!"

አያ ጅቦ ከንፈሩን ጠረገ። "ትንሽ ጨው ነበራት" አለ።

ወደ ጃርት ተመለሰ። ዛሬስ አፉ ጆሮው ደርሷል። "ተስማማህ?" ብትለው ሆዱን እየዳበሰ "እጅግ አድርጎ ተስማማኝ! በይ ሌላ ጨምሪልኝ!" አላት። ጃርት ልታወርድለት እጇን ስትዘረጋ ቤዙ ከጀርባው ላይ ተናገረ።

"ስማኝ አያ ጅቦ። ከሰማሁት ድምፅ ሁሉ የሚያምረው የእሷ ነው፣ አልዋሽህም። ግን ሠርጉ የአንድ ዘፈን አይደለም፣ ቀኑን ሙሉ ነው። ከመጀመሪያው ዘፈን በኋላ ትውጣታለህ። እኔ ዝም እላለሁ፣ አህዮቹ ይሮጣሉ፣ አንተም እንደ ድሮህ አጥር ሥር ትቀራለህ።"

"ክሯ ምን አደረገችህ?"

"ክሯንማ አምናታለሁ። የማላምነው አንተን ነው።"

ነገሩ አያ ጅቦን አመመው። ውሸት ቢሆን ይናደድ ነበር፣ እውነት ስለሆነ ግን አለቀሰ። ገበያ መሀል፣ ሰዉም ከብቱም እያየው፣ ያ ግዙፍ ጅብ ህቅ ህቅ ብሎ አለቀሰ። "ጓደኛዬ መስለኸኝ ነበር" አለው።

"ጓደኛህ ባልሆን ሌላ ጨምሪለት እላት ነበር" አለ ቤዙ።

አያ ጅቦ አፍንጫውን ጠረገና ቀና ሲል ከጃርት ጎን፣ እታች፣ አንድ ደብዛዛ ክር አየ። አያብለጨልጭም፣ አይሸትም። ላዩ ላይ የተጠመጠመው ሽቦ ጠፍጣፋ ስለሆነ ሲዳብሱት ልስልስ ያለ ነው። እስካሁን ትንፍሽ አላለም።

"አንተስ ምን ትላለህ?" አለው አያ ጅቦ።

"እኔ ብዙ የምለው የለኝም" አለ ልሙጡ ክር። "አንገት አልፍቅም። ስትንሸራተትብኝ አልጮህም። ጣትህ ቦታውን ከሳተ ግን እኔም እስታለሁ፣ አልሸፍንልህም።"

"ጣዕምህስ?"

"ብረት ብረት እላለሁ።"

አያ ጅቦ ፊቱን አጨማደደ፣ የአንጀቷን ክር በዓይኑ ተሰናበተ፣ ልሙጡን ወሰደ። መድኃኒት የሚጠጣ ሰው ይመስል ነበር።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። ዳስ ተጥሏል፣ አማቾቹ ከወንዝ ማዶ ተሻግረው ገብተዋል። አያ ጅቦ ከፊት ለፊት ቆሞ ቤዙን ጀመረ፦ ዱም... ዱዉዉም... ዱም። አህዮቹ መጀመሪያ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ጆሯቸው ቤዙ ላይ፣ ዓይናቸው በሩ ላይ ነው። ትንሽ ቆይተው አንዷ ኮቴዋን አነቃነቀች። ሌላዋ ወገቧን አወዛወዘች። ወዲያው ዳሱ ባንዴ ተናወጠ! እትዬ አህዪትማ ጭራሽ ፍርሃቷን ረስታ፣ እየተሽከረከረች መሀል ገባች፣ እየተሽከረከረች ፊት ወጣች፣ እየተሽከረከረች ሄዳ ጅራቷን አያ ጅቦ አፍንጫ ላይ ጣል አደረገችው።

አያ ጅቦ ዓለም ዞረበት። አፉ ውሃ ሞላ። መንጋጋው በራሱ ጊዜ ተከፈተ። "አንተ!" አለ ቤዙ በሹክሹክታ፣ "አንተ ጅብ! ነግሬሃለሁ!" በግ ከበሮውን እየመታ ዓይኑን ጨፈነ። ጦጢት የዘፈኑ ግጥም ጠፋት። አያ ጅቦ እጁን ከክሩ ቢያነሳ ሠርጉ ፈረሰ፣ ጅራቱን ቢነክስም ፈረሰ። መንጋጋው ግን ተከፍቷል፣ አንድ ነገር ላይ መዘጋት አለበት።

አያ ጅቦ ያለ የሌለ ኃይሉን ሰብስቦ አንገቱን ቆለመመና ክሩን ነከሰ!

"ቀጭ!" አለ። ክሩ እንዳይመስላችሁ፣ የአያ ጅቦ ትልቁ ጥርስ ነው። ክሩማ አልተበጠሰም። ጥርሱ ሲንሸራተትበት "ዉዉዉዉዉም!" የሚል ጩኸት ሲያወጣ አማቾቹ በሙሉ "እልልልል!" ብለው ከመቀመጫቸው ተነሱ። አያ ጅቦ ዓይኑ እንባ ሞልቶ፣ አፉ እየደማ፣ መጫወቱን ቀጠለ።

ጥርሱ ተንከባሎ እትዬ አህዪት ኮቴ ሥር አረፈ። እሷም ጭፈራዋን ገታ አድርጋ ጥርሱን አየች። ዞራ ጅራቷን አየች። ከዚያ አያ ጅቦን አየች።

"ይሄ ጥርስ ወዴት ሲሄድ ነው የወደቀው?" አለችው።

አያ ጅቦ እጁን ሳያቆም "ወደ እርስዎ ነበር እትዬ" አለ። "መንገድ ላይ ክሩ ያዘው።"

እትዬ አህዪት ጆሮዋን ወደ ቤዙ አቀናች። ቤዙ አልተቋረጠም። "የሚምል የሚገዘት ጅብ ብዙ አይቻለሁ" አለች በመጨረሻ። "እጁን ከሥራው ሳያነሳ እውነቱን የነገረኝ ግን አንተ ብቻ ነህ። ልጄ ስትወልድ ለክርስትናው እንጠራሃለን። ከዚያ በኋላም እንጠራሃለን። ብቻ ከዛሬ ወዲያ ከፊት የለም! ከኋላ፣ ከከበሮው ጎን፣ አፍህን ገጥመህ ትቆማለህ!"

"ከኋላ ይሁን!" አለ አያ ጅቦ። "ብቻ ከውስጥ ይሁን እንጂ ከኋላ ይሁን!"

ይኸው እስከ ዛሬ ድረስ ሙዚቀኞች ሲጫወቱ ብታዩ፣ ቤዝ ተጫዋቹ ከኋላ ከከበሮው ጎን ቆሞ፣ አፉን ገጥሞ፣ ራሱን ብቻ ይነቀንቃል። ያኮረፈ የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። እና ልጆቼ፣ እናንተም አንድ ቀን የምትመርጡት ነገር አይጠፋምና ይህን ያዙልኝ፦ ክር የሚመርጥ የክሩን ድምፅ ከመስማቱ በፊት የራሱን ጥርስ ይወቅ።