ቀማሹ የተፋው

የወረዳው አስተዳዳሪ አቶ ቸርነት ለአጭር ሥልጠና አሜሪካ ደርሰው ከተመለሱ ወዲህ ማስነጠሳቸው ሳይቀር የአሜሪካ ሆኖ ነበር። አንድ ቀን የወረዳውን አረቄ አውጪዎች በሙሉ አዳራሽ ሰብስበው የአሜሪካን ታሪክ ያስተምሯቸው ጀመር።

«አሜሪካ አንድ ጊዜ መጠጥን በሕግ ከለከለች። በማግስቱ ሰካራሙ ልብ ገዛ፣ ሌባው ጠፋ፣ እስር ቤቱ ባዶ ቀረ» አሉ። «ይህ ታሪክ ሐሰት ነው የሚል ካለ ይነሳና ይናገር፤ የመንግሥትን ትምህርት በማጣጣል ይታሰራል። እውነት ነው የሚል ደግሞ ነገ የአረቄ ማውጫውን ይስበር።»

ምላሷ እንደ አረቄዋ የሚፋጅ አንዲት ሴት ከኋላ ተነሳች።

«እንዴት ሐሰት ይሆናል ጌታዬ፣ እርስዎ በዓይንዎ አይተው መጥተው? ለመሆኑ ዛሬም እዚያ አገር መጠጥ እንደተከለከለ ነው?»

አቶ ቸርነት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ክልከላውንማ በኋላ ራሳቸው አንስተውታል። አሁን ጦርነቱ ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር ነው።»

«አሸነፉት?»

«ገና እየተዋጉ ነው፤ ይኸው ስንት ዘመናቸው።»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካከለች።

«እንግዲህ ጌታዬ፣ በእኛ ወግ አረቄ የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ ራሱ ቀምሶ ነው ለእንግዳ የሚሰጠው። እንግዳውም መለኪያውን ከመቀበሉ በፊት የቀማሹን ፊት ያያል። ይህን ክልከላዎን አሜሪካ ቀምሳ ተፋችው። ቀማሹ የተፋውን ለእኛ የሚቀዱልን፣ ምን በድለንዎት ነው?»