ታብሌቱ ይምጣና

አንዲት ሴት አውቃለሁ። በሥራ ቀን ቢሮ ተቀምጣ ሪፖርት ትጽፋለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰው ፊት ትስላለች። እጇ የተባረከ ነው። እሷ የሳለችውን ሰው መንገድ ላይ ባገኘው አውቄው ሰላም እለዋለሁ።

ይህች ሴት የእናቷን መልክ አታውቅም። እናቷ ስትሞት ገና የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። የነበሩት ጥቂት ፎቶዎችም ቤታቸው ሲቃጠል አብረው ነደዱ። የመቃብሯ ሐውልት ላይ የእናቲቱ ስም አለ፤ የፎቶው ቦታ ባዶ ነው። ያንን ፊት የሚያስታውስ አንድ ሰው ብቻ ቀርቶ ነበር፤ አባቷ ጋሽ ድልነሳው።

አንድ ቀን ጠሯት።

«ልጄ፣ እየደከምኩ ነው። የእናትሽን መልክ ልንገርሽና አንቺ ሳዪልኝ። ሐውልቷ ላይ እናድርግላት።»

«እሺ አባዬ፤ ታብሌቱ ይምጣና።»

ሰማችሁ? ታብሌቱ ይምጣና!

የትኛው ታብሌት? ገና አልመረጠችውም እኮ! ኪቦርዱ ሲገጠም ሪፖርት የሚጻፍበት፣ ሲነቀል ጭን ላይ አስቀምጠው የሚስሉበት እንዲሆን ፈለገች። ባንድ ዕቃ ሁለት ሥራ። ክፉ ሐሳብ ነው? አይደለም። ግን የአንዱ ብዕር ጥሩ ነው፤ ኪቦርዱ ይላላል። የሌላው ኪቦርድ ጥሩ ነው፤ ብዕሩ እጇን አይከተልም። ሦስተኛው ሁሉም አለው፤ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ቪዲዮ ታያለች፣ ሰው ትጠይቃለች። እዚህ የሚሸጠው አስመስለው የሠሩት ነው ሲሏት ደግሞ ከዱባይ የሚመጣ ሰው መጠበቅ ጀመረች። እዚያ የምትሠራ ጓደኛዋ ለፋሲካ ይዤው እመጣለሁ አለች፤ ቀረች። ለእንቁጣጣሽ አለች፤ ቀረች።

እኔንም ጠይቃኛለች። ምን አልኳት መሰላችሁ? «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ጠብቂ» አልኳት። እኔ ነኝ ያልኩት! ዛሬ እዚህ ቆሜ የምመክራችሁ ሰውዬ!

«እርሳስ የለሽም እንዴ?» ይሏት ነበር አባቷ።

«የእማዬን ፊትማ እንዲህ በዋዛ አልሠራውም፣ አባዬ። በቀለም፣ በደንብ አድርጌ ነው።»

በፍቅር ነው የዘገየችው፣ ወገኖቼ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

መስከረም ሳያልቅ ጋሽ ድልነሳውን ስትሮክ መታቸውና አንደበታቸው ተዘጋ። ታብሌቱ ጥቅምት ላይ ደረሰ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ኪቦርዱን ነቅላ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጠች። ዕቃው እንከን የለውም፤ ብዕሩ እጇን ይከተላል፣ ባትሪው ቀኑን ሙሉ ይውላል። አንድ ፊት ሳለች።

«አባዬ፣ እንዲህ ናት?»

ጋሽ ድልነሳው ራሳቸውን ነቅንቀው «አይደለችም» አሉ። ሌላ ሳለች። አይደለችም። አሥራ አንድ ሴት ሳለች፤ አሥራ አንዳቸውም አይደሉም። እሳቸው ያውቃሉ፤ መናገር አይችሉም። እሷ መሳል ትችላለች፤ ምን እንደምትስል አታውቅም።

በአሥራ ሁለተኛው ግን «አዎ» ብለው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። እልል ልትል ምንም አልቀራት። ስክሪኑን ዞር አድርጋ ስታየው ያሳየቻቸው አዲሷን አልነበረም። ተሳስታ የከፈተችው የመጀመሪያዋን ነው፤ ያኔ አይደለችም ያሏትን።

ረስተዋት ነው? ወይስ ለልጃቸው አዝነው? ማን ይንገራት? ጥር ላይ ቀበረቻቸው። የእናቷ ሐውልት ዛሬም ባዶ ነው።

አሁን «ምን ዓይነት ሞኝ ናት» እያላችሁ ነው አይደል? «እኔ እንኳን ታብሌት ስልክም በቅጡ የለኝ» የምትሉም አላችሁ። እሺ፤ እናንተስ ምን እስኪመጣላችሁ ነው የምትጠብቁት? ወንድማችሁን የምትታረቁት ቤቱ ተሠርቶ ሲያልቅ ነው? እናታችሁን የምትጠይቁት ሥራው ሲቀልላችሁ ነው? እያንዳንዳችሁ በቂ ምክንያት አላችሁ፤ እሷም ነበራት። ክፉው እንዳያስቀረን ስንጠነቀቅ ኖርን፤ ያስቀረን ግን የተሻለውን መጠበቅ ነው።

ዛሬ ጸሎቱን አሳጥረዋለሁ። አንደበቱ ያልተዘጋ አባት ያላችሁ፣ እናት ያላችሁ፣ በር ላይ ቆማችሁ ወሬ አትጀምሩ። ሂዱ። ዛሬውኑ ሂዱና አናግሯቸው።

የረፈደበት ከእኔ ጋር ይቅር፤ አብረን እናለቅሳለን።